ስድስት ዓመት የከረመ

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከተማው ዛሬ ነው እፎይ ያለው። የጥምቀት እንግዳ አብዛኛው ወጥቷል። ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ ላይ የሸንኮራ ልጣጭ እየተጠረገ ነው። እኔም ከሦስት ቀን ሆታ በኋላ የራሴን ድምፅ መስማት ጀምሬያለሁ። ትናንት ማታ የሆነውን አሁኑኑ ልጻፈው፤ የጣዕም ነገር ካደረ አይያዝም።

ነገሩ የተጀመረው በ2011 ጥምቀት ነው። ብራስልስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ስትመጣ በካልሲና በነጠላ የተጠቀለሉ አሥር ጠርሙስ ቢራ ይዛ መጣች። እማዬ ሻንጣው ሲከፈት ጫማ ወይም ሽቶ ነበር የጠበቀችው። «ቢራ ከጎንደር ጠፍቶ ነው?» አለቻት። እውነቷን ነው፤ ዳሸን እዚሁ አፍንጫችን ሥር እየተጠመቀ ከባሕር ማዶ ቢራ መሸከም ግራ ያጋባል። እትዬ ግን «ይኼ አሁኑኑ የሚጠጣ አይደለም፤ የሚከርም ነው» ብላ መለሰች። እኔን የያዘችኝ ያቺ ቃል ናት። በኛ ቤት ይከርማል የሚባለው ጠጅ ነው። ጠላማ በሳምንት በአሥር ቀን ካልተጠጣ ኮምጥጦ ለአተላ ይተርፋል። ቢራ ይከርማል ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አራቱ ሰማያዊ ሺሜ፣ ሦስቱ ሮሽፎር 10፣ ሦስቱ ኦርቫል ነበሩ። ሦስቱም የቤልጂየም ቢራ ናቸው፤ ትራፒስት በሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም ቅጥር ውስጥ ነው የሚጠመቁት። ሮሽፎር ውስጥ ቢራ መጠመቁ ከ1595 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻው ያደረጋት በ1636 ነውና ከግንቦቻችን አርባ አንድ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ይህን ስነግራት እማዬ «መነኩሴ ለምን ይጠምቃል?» ብላ ትንሽ አሰበችና «ለሰንበቴ ይሆናላ» ብላ ራሷው መለሰችው። በልጅነቴ ለሰንበቴ ስትጠምቅ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ስታጥን አጠገቧ ቆሜ ስላደግሁ፣ መልሱ ለኔም ልክ መስሎ ታየኝ።

ብርታታቸው ነው የሚያስከርማቸው። እዚህ የምንጠጣው የፋብሪካ ቢራ አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ሰማያዊው ሺሜ 9፣ ሮሽፎር 10 ደግሞ 11.3 በመቶ ነው፤ ስሙ ላይ ያለው 10 የድሮ የቤልጂየም የጥንስስ መለኪያ እንጂ የአልኮሉ መጠን አይደለም። ኦርቫል 6.2 ብቻ ነው፤ እሱ ግን ሲታሸግ የዱር እርሾ ስለሚጨመርበት በራሱ መንገድ ይለወጣል። ሦስቱም ሕያው እርሾ እንዳለባቸው ነው ቆርኪ የሚገጠምላቸው። ያ እርሾ ከጠርሙሱ አንገት ላይ የቀረችውን አየር የተወሰነውን ይበላላቸዋል፣ ቀስ እያለም ታች ይዘቅጣል። እማዬ አንዱን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አንሥታ አይታ «ጉሽ ነው እኮ!» ያለችው ለዚህ ነው።

ቤታችን ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩት ባለ ፎቅ ይመስላል፤ በጓሮ በኩል በሩ ከመሬቱ እኩል ነው። ከሥር ያለውን ምድር ቤት በሦስት ጎኑ አፈር ደግፎታል፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር ድንጋይ ነው፣ መስኮት የለውም። የጠላው ጋን፣ የማር ቆርቆሮው፣ የጌሾው ጆንያ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ለጫጩት ማሳደጊያ የተገዛ ቴርሞሜትር ሰቅዬ ዓመቱን ሙሉ ተከታተልኩት፦ ሚያዝያ ላይ ደጁ ሲነድ 19 ዲግሪ፣ ታኅሣሥ ሌሊት 15። ቢራ ለማክረም የሚመከረው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው። የኛ ይሞቃል፤ ስለዚህ እዚህ የተቀመጠ ጠርሙስ አገሩ ከተቀመጠው ፈጥኖ ያረጃል። ሙቀቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣውና የሚወርደው፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው። መብራት ስንት ቀን ቢጠፋ ምድር ቤቱ አያውቀውም።

ጠርሙሶቹን አቁሜ ደረደርኳቸው። እንደ ወይን አይጋደሙም፤ ሲቆሙ አተላው ከታች ይረጋል፣ አየር የሚነካው የቢራ ገጽም ጠባብ ይሆናል። እያንዳንዳቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «ጥር 2011» ብዬ ጻፍኩ።

ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ ያኔውኑ ከእትዬ ጋር ቀመስን፤ መነሻውን ሳላውቅ ለውጡን ላውቅ አልችልም። ሮሽፎር ጉሮሮን ያቃጥል ነበር፣ አረቄ የተደባለቀበት ይመስላል። ሺሜው ቅርንፉድና የበሰለ ሙዝ ይሸታል፣ መጨረሻው ላይ ይቆነድዳል። ኦርቫል ደግሞ ምሬቱ ጎልቶ የሚወጣ፣ በሆፕ የተሞላ ነው። ሆፕ ለነሱ ጌሾአቸው ነው፤ ያመርራል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቃል።

በ2012 አንድ ኦርቫል ከፈትኩ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፣ ጋዝ የበዛበት ጠርሙስ ሲከፈት ይቆጣል። ቆርኪው ሲነሣ አረፋው ጠረጴዛውን አጠበው። የተረፈው ግን እስከ ዛሬ ከጠጣኋቸው ሁሉ ደስ የሚል ነበር፦ ምሬቱ ለዝቧል፣ ከሥሩ የአሮጌ ኮርቻ ሽታ ብቅ ብሏል፣ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ነገርም አለበት። ያን ቀን ሁለተኛውን ጨምሬ ብከፍተው ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ለእትዬ ብዬ አስቀመጥኩት።

2013 በኮሮናና በጦርነት አለፈ። በ2014 እሷ ሥራዋ አልፈቀደላትምና፣ ከቢራ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችንን ጋሼን ጠራኋቸው። በዚያን ቀን የሆነውን በደንብ ልጻፈው፤ ስለ ማክረም የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ሺሜ ከምድር ቤት ጠፍቶብኝ ነበር። ስፈልገው ሳሎን ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ ጎን ቆሞ አገኘሁት። እማዬ እንግዳ መጥቶባት አውጥታው፣ እንግዳው ለስላሳ እመርጣለሁ ሲል እዚያው ተረስቷል። በመስኮት ፀሐይ ትይዩ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቷል። በጣም አዘንኩ። ጋሼ ግን «ጥሩ! እንዲያውም ሁለቱን ጎን ለጎን እንቅመሳቸው» አሉ። በቡፌው ሺሜ እና በምድር ቤቱ ሺሜ መካከል ያለው ልዩነት ከመቀመጫቸው በቀር አንድም አልነበረም፤ አንድ ቀን የተገዙ፣ በአንድ ሻንጣ የመጡ ናቸው።

በመጀመሪያ በብርሌ ሞከርነው፣ እማዬ ብርሌ ካልሆነ ክብር የለውም ብላ። አልሆነም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አረፋው ሽቅብ ወጥቶ ይፈሳል፣ አፍንጫም አይደርስበትም። ወደ ወይን ብርጭቆ ገለበጥነው። የቡፌው ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሽታው ዝናብ የመታው ካርቶን ነው። ጋሼ አንዴ ጎንጭተው አስቀመጡትና «አየርና ሙቀት» አሉ። አየሩ ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ አለ፤ ሙቀቱ ነው ሥራውን ያፋጠነው። ብርሃንም የራሱን ይጨምራል፦ የሆፑን ምሬት ሰብሮ የሚገማ ነገር ያወጣል፣ የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሚሆነውም ብርሃኑን ለመከላከል ነው። የምድር ቤቱ ሺሜ ግን ሌላ መጠጥ ሆኗል። ቅርንፉዱ ወደ ኋላ ሄዷል፣ ፊት የመጣው ዘቢብ ነው፣ ከዘቢቡ ኋላ እሳት ያየ ስኳር። አፍ ላይ ሲገባ አይቆነድድም። ጋሼ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እኛ ዕድሜያችንን በሙሉ ቢራ ቶሎ እንዲጠጣ ስንደክም ነው የኖርነው» አሉ። ቅሬታ አልነበረም። የተጣራ፣ በሙቀት እርሾው የሞተ፣ 5 በመቶ የሆነ ቢራ ትኩሱን ነው መጠጣት ያለበት፤ ማስቀመጥ እሱን መበደል ነው። አንድ የአገር ውስጥ ጠርሙስ ዓመት አስቀምጬ አይቼዋለሁ፣ ያው ካርቶኑ ነው የመጣው።

በ2015 ለእትዬ ያቆየሁትን ኦርቫል ከፈትኩ። ትመጣለች ብለን ጠብቀን ልጇ ታሞ ቀረች፤ በስልክ እያየችኝ ነው ቆርኪውን ያነሣሁት። አራት ዓመት ለሱ በዝቶበታል። የዱር እርሾው ጣፋጩን ሁሉ ጨርሶ በልቶታል፣ ሆፑ የለም፣ የቀረው ደረቅ ቆዳና ቀጭን ኮምጣጣነት ነው። የሚወዱት ሰዎች አሉ፣ እኔ አልወደድኩትም። «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። ዋሽቻት ነበር፣ ትናንት ነግሬያታለሁ።

በ2016 አንድም አልከፈትኩም። ኢንተርኔት በሌለበት፣ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ዓመት ወደ ምድር ቤት የምወርደው ለጤፍና ለዘይት ነበር። ጠርሙሶቹን በባትሪ ብርሃን አያቸዋለሁ፣ አቧራቸውን እጠርጋለሁ፣ እወጣለሁ። አንድ ሺሜ፣ ሁለት ሮሽፎር።

ዘንድሮ መጣች። ከስድስት ዓመት በኋላ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ሳያት ፀጉሯ ሸብቷል። የኔም ሸብቷል፣ እሷም አይታዋለች፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።

ትናንት ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሦስታችን ተቀመጥን። ሺሜው ጎልምሷል፤ ዘቢቡ የደረቀ በለስ ሆኗል፣ ጋዙ ግን ደክሞ አረፋው ወዲያው ወረደ። ለሱ ሦስተኛው ዓመት ይሻል ነበር፣ ይህን በእርግጠኝነት እላለሁ። ከዚያ ሮሽፎሩ። ጠርሙሱን ከማዘንበሌ በፊት እጄን አሳረፍኩ፣ አተላው እንዳይነሣ አንዴ ጀምሬ ሳላቋርጥ ቀዳሁ፣ ጣት የምታህል ከታች አስቀረሁ። ቀለሙ የፈላ ቡና ጠርዝ ላይ የምናየው ቀይ ነው። ያ ያቃጥል የነበረ አልኮል ደረት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ አፍ ላይ ተምር፣ የተቆላ ገብስ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ መጨረሻ ላይ ሰፈፍ ያልወጣለት ማር። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው። «ይኼን እዚያ አገር ቀምሼው አላውቅም» አለች። በየሱቁ አለ እኮ፣ አልኳት። «አለ። ግን እንገዛለን፣ እንጠጣለን። ማን ስድስት ዓመት ያቆይልናል?»

አንድ ቀርቷል። ለሚቀጥለው፣ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ በ2021 እንክፈተው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። እትዬ ራሷን ነቀነቀች፣ ተስማማች። ፕላስተሩ ላይ ልጽፍ እስክሪብቶ ሳነሣ እማዬ ዝም ብላ ስትሰማን ከቆየችበት ቀና አለች።

«ልጄ፣ ለተዝካሬ ነው የምታስቀምጠው?»

«ኧረ እማዬ!» አልን ሁለታችንም አንድ ላይ።

«አሥር ዓመት ስትል ሰማሁ እኮ። እኔ ሰማንያ ሊሞላኝ ነው። አምጣው።»

ወረድኩ። ጠርሙሱ የቆመበት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ቀርቷል። ቆርኪውን እሷ ራሷ ልክፈተው አለች፣ እጇ አልቻለም፣ በእጇ ላይ እጄን ደርቤ ከፈትነው። ትንሽ ተነፈሰ። ስቀዳላት «አተላውንም ጨምርልኝ፣ እሱን ማን ይጠጣው ብለህ ነው?» አለችኝ፣ ጨመርኩላት። ደፈረሰ። ብርጭቆውን እንደ ዋንጫ ከሥሩ ይዛ ጎነጨች፣ አፏ ውስጥ አቆየችው፣ ዋጠች።

«ጥንስሱ ጥሩ ነበር» አለች። ከዚያ ብርጭቆውን ለእትዬ አቀበለቻትና ስለ መነኮሳቱ ጠየቀቻት፦ ጌሾው ቅጠሉ ነው ወይስ እንጨቱ፣ ብቅሉን የሚያበቅሉት ራሳቸው ናቸው ወይስ ይገዛሉ፣ ስንት ቀን ያቆዩታል። እትዬ የምታውቀውን መለሰች። የማታውቀውን ስትመለስ ሄዳ እንደምትጠይቅላት ቃል ገባች። እኔ ባዶውን ጠርሙስ አጥቤ ጋኑ አጠገብ ደፍቼዋለሁ፤ ጧት ሳየው ደርቋል፣ ፕላስተሩ ግን እንዳለ ነው።