ለእናቴ ሁሌም ዓርብ ነው

እናቴ የመርሳት በሽታ ከያዛት ወዲህ ጠዋት ጠዋት እህል ማቅመስ ትግል ሆኖብናል። ገንፎውን ሳቀርብላት «ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ? ቅዳሴ ሳይወጣ?» ትላለች። ማክሰኞም ቢሆን፣ በዓለ ሃምሳም ቢሆን ያው ነው። ደብረ ብርሃን ስናሳክማት የተሰጠን ወረቀት «ምግብ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ስጧት» ይላል። ስለ ጾም አንድ መስመር የለውም።

መላ ያገኙልን የነፍስ አባታችን ናቸው። መስቀል አሳለሟትና «ወለተ ማርያም፣ ሕመምተኛ ነሽ፤ ከጾሙ ፈትቼሻለሁ፣ ብዪ» አሏት። ጎረሰች። በማግስቱ ያሉትን አታስታውሰውም፤ እኔ ግን «አባ ፈትተውሻል» ስላት እስከ ዛሬ እጇን ወደ ሳህኑ ትሰዳለች።

የአስታማሚ ትምህርት እንዲህ ከኑሯችን ቢነሳ ነው የምመኘው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር አረጋውያን በአልዛይመር፣ ማለትም በብዙዎች ላይ በሚታየው የመርሳት በሽታ ዓይነት፣ የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ እጥፍ ገደማ እንደሆነ የአገሩ የአልዛይመር ማኅበር ይገልጻል። እዚያ ጥቁር አስታማሚ ቤተሰቦችን በየቤተ ክርስቲያናቸው እየሄዱ የሚያስተምሩ አሉ። እኛም እድር አለን፣ ሰንበቴ አለን። ጤና ባለሙያው አስታማሚን ጤና ጣቢያ ከሚጠብቅ እዚያ ቢመጣ ብዙ ሰው ያገኛል። እናቱን ከሰው ዓይን የሸሸገ ልጅ እንኳ ከእድር አይቀርም።

ማታ ማታ ይብስባታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጠላዋን አጣፍታ «ጥጆቹ አልገቡም» ብላ ትነሳለች፤ መንዝ ያደገችበት ግቢ ነው የሚታያት። «ከብት የለንም» ማለት ያስለቅሳታል። «ልጆቹ አስገብተዋቸዋል እማዬ» እላትና መብራት ቀደም አድርጌ አበራለሁ፣ ጋቢዋን ደርቤላት ጥጥና እንዝርት እሰጣታለሁ። የልጆቿን ስም የረሳች ሴት ክሩን ሳትበጥስ ታሾረዋለች። እጅ የለመደው ሥራ ብዙ ጊዜ ከስም በኋላ ነው የሚጠፋው።

«ሸንኮራ ዮሐንስ ውሰጃት» ለሚሉኝ ጎረቤቶቼ፣ ጠበሉን ትጠጣለች፤ ክኒኗንም አላስቋርጣትም። ሁለቱ አይጣሉም።

እድር ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል ግን ይህን እላለሁ፦ የመርሳት በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚብሰው ቀስ እያለ ነው። ትናንት ደህና የነበረች እናት ዛሬ ድንገት ከቃዠች፣ ካንቀላፋች ወይም ሰው መለየት ካቃታት «እርጅናዋ ነው» ብላችሁ አትተዉ። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ይታከማሉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።