ለፋሲካ ለሚቀለብ በግ ገብስ እንዴት ይለመዳል?

ደብረ ብርሃን ዙሪያ በእንስሳት ጤና ሙያ ስሠራ ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል የሚደወልልኝ ስልክ ይታወቃል። «በጉ ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ጥርሱን እያፋጨ ተኝቷል» ይላሉ። ምን በላ ስል መልሱ ብዙውን ጊዜ ገብስ ነው። ከመንዝ ገበያ የመጣ ከሲታ በግ ለበዓሉ ቶሎ ይስባ ተብሎ ሳፋ ሙሉ ይቀርብለታል። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል፤ እኔ ግን ስደርስ መጀመሪያ የማየው ሳፋውን ነው። ለአንዳንድ ቤት ያ በግ የዓመት ቁጠባ ነውና ነገሩ በደንብ ቢታወቅልኝ ደስ ይለኛል።

እኛ ቆሎ ስንቆረጥም የገብሱ ስታርች ገና አፋችን ውስጥ በምራቅ መፍረስ ይጀምራል። ከጨጓራ ሲያልፍ 6 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቀጭኑ አንጀት ወደ ግሉኮስ ለውጦ ለደም ይሰጠዋል። የበግ ምራቅ ግን ስታርች የሚያፈርስ ኢንዛይም የለውም ማለት ይቻላል። የበላው ሁሉ መጀመሪያ የሚወርደው ወደ ትልቁ ጨጓራ ነው፤ እዚያ የሚጠብቁት ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎችና ሌሎች ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። በግ ሲታረድ የምታዩት ፈርስ ይኸው ነው፤ አረንጓዴ፣ ሞቃት፣ እንደ ጠላ ጥንስስ የሚፈላ። ሣርና ገለባ የሚፈርሰው በእነሱ ነው። በጉ ራሱ ሴሉሎስ የሚሰብር ኢንዛይም የለውም፤ እኛም የለንም። ከፍላቱ የሚወጡት አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቢዩቲሪክ አሲዶች በጨጓራው ግድግዳ አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ አብዛኛው የበጉ ጉልበት ከዚያ ነው። ግሉኮሱን እንኳ ጉበቱ በዋናነት ከፕሮፒዮኒክ አሲድ ይሠራዋል። ሕዋሳቱም ከፈርሱ ጋር በሽንፍላው አልፈው አራተኛው ጨጓራ ሲደርሱ ተፈጭተው ፕሮቲን ይሆኑታል። ቢ12 ቫይታሚን የሚሠሩትም እነሱ ናቸው፤ ጾም ስንፈታ ከሥጋው የምናገኘው ቢ12 መነሻው ፈርስ ውስጥ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

እንግዲህ ገለባ የለመደ ጨጓራ ውስጥ ገብስ በአንድ ጊዜ ሲገባ ስታርች የሚወዱት ባክቴሪያዎች ባንዴ ይበዙና ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ። የጤነኛ በግ ጨጓራ ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ጨምሯል ማለት ነው) 6 እና 7 መካከል ነው፤ ከ5 በታች ከወረደ ገለባ የሚያፈርሱት ያልቃሉ። በጉ ማመስኳት ስለሚያቆም አሲዱን የሚያለዝበው ቢካርቦኔት ያለበት ምራቅም ይቀንሳል። ጨጓራው ከደም ውሃ መሳብ ይጀምራል። ያኔ የበጉ ዓይን ይሰረጉዳል፣ ኮምጣጣ የሚሸት ቀጭን ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል።

እጃችሁን በግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ ባለው ስርጉድ ቦታ ላይ አሳርፉ። ደህና በግ ከሆነ በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ከውስጥ ገፋ አድርጎ ሲያልፍ ይሰማችኋል። ገብስ የበዛበት ከሆነ ዝም ይላል፤ ገፋ ስታደርጉት ውሃ ይንቦጫረቃል። ያን ጊዜ እህሉን አንሱበት፣ ድርቆሽ አቅርቡለት፣ ባለሙያ ጥሩ፤ ማደር የለበትም። አንድ ጊዜ ሙስሊም ጎረቤት ካረደው ደህና በግ ትኩስ ፈርስ አስመጥቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ፣ ጭማቂውን ለታመመው አጠጥቻለሁ። ያለቁትን ሕዋሳት የሚተካ ስለሆነ በሙያችን የታወቀ ሕክምና ነው። በማግስቱ ማመስኳት ሲጀምር ባለቤቲቱ እልል አሉ።

ገብስ ማብላት ክፉ አይደለም፤ ማስለመድ ነው የሚፈልገው። በቀን ከ100 ግራም ጀምሩ፣ ጠዋትና ማታ ከፋፍላችሁ ስጡ፣ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ባክቴሪያዎቹ ከአዲሱ መኖ ጋር እስኪላመዱ 2 ወይም 3 ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ ለፋሲካ የሚቀለብ በግ በሰሙነ ሕማማት መገዛት የለበትም። ድርቆሹ ወይም ገለባው ከፊቱ አይጥፋ፤ ምራቁን የሚያመጣው እሱ ነው። የጠላ አተላ ወይም ፋጉሎ ያለው ሰው ትንሽ ይጨምርበት፤ ገለባ ፕሮቲን ስለሚያንሰው ባክቴሪያዎቹ ያለዚያ በደንብ አይሠሩም። ዛሬ በግ የገዛችሁ ግን ገብሱን እስከ ነገ ወዲያ አቆዩት፤ ለጊዜው ድርቆሽና ውሃ ይበቃዋል።