91 በመቶ ሥራ ፈት

ደብዳቤውን የጻፍሁት ጳጉሜ 2 ቀን ነው። «ሰርቨሩን መርምረናል፤ ፕሮሰሰሩ 91 በመቶ ሥራ ፈት በመሆኑ የመዘግየቱ መነሻ በእኛ በኩል አይደለም» ይላል። ፈርሜ፣ አንዱን ቅጂ ለኃላፊዎች፣ አንዱን ለኔትወርክ ክፍል ላክሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ገንዘብ በሚያንቀሳቅስ መሥሪያ ቤት ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ለእኛ ከዓመቱ ከባድ ሳምንታት አንዱ ነው፤ ሰው ሁሉ ለበግና ለዶሮ ያወጣል፣ ለእናቱ ይልካል፣ ለልጆቹ ልብስ ይገዛል። በዚያ ሳምንት የየቅርንጫፉ ገንዘብ ከፋዮች ቁልፉን ተጭነው ምላሽ መጠበቅ ጀመሩ። አንዳንዴ ምላሹ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ግንኙነቱ ጭራሽ ይቋረጥና ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስልካችን ማረፍ አልቻለም።

ሰርቨሩ፣ ማለትም የቅርንጫፎቹን ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልሰው ኮምፒውተር፣ የሚሠራው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ነው፤ ኃላፊነቱም የእኔ ነበር። ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍቼ፣ የፕሮሰሰሮቹን ሥራ የሚያሳየውን ትዕዛዝ «ኤምፒስታት»ን ጻፍሁ፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁበትም። አንድ መስመር ቁጥር መጣልኝ፤ በስተመጨረሻው ዓምድ ላይ ሥራ ፈትነቱ 91 ይላል። የሚሠሩትን ሂደቶች በሚዘረዝረው በ«ቶፕ»ም ተመለከትሁ፤ የጭነት አማካዩ፣ ማለትም እየተሠራ ያለውና ተራ የሚጠብቀው ሥራ ብዛት፣ ከ2 በታች ነው። 16 ፕሮሰሰር ላለው ማሽን ይህ እንደ ዕረፍት ነው። ከሂደቶቹ ዝርዝር አናት ላይ የከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ የራሱ ረዳት ሂደት ተቀምጦ ነበር። አየሁት። «የሲስተሙ ነው» ብዬ አለፍሁት። ደብዳቤውን ለመጻፍ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

የእኔ ሩብ ሰዓት ለሌሎች ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሆነ። ሰርቨሩ ነጻ ከወጣ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ማለት ነውና የኔትወርክ ክፍሉ ልጆች ስዊች ቀየሩ፣ ገመድ ፈተሹ፣ በዚያ የጳጉሜ ዝናብ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዞሩ። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ የክፍሉ ባልደረባዬ «በእኛ በኩል የተበላሸ ነገር አላገኘንም» ሲል እኔ ደብዳቤዬን ከፊቴ አስቀምጬ ዝም አልሁ። ቁጥር ይዣለሁ ብዬ ነበር።

ጳጉሜ 4 ማታ፣ በሥራ ዘመናቸው ብዙ ማሽን ያዩትና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ወደ ክፍላችን መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከጎኔ ወንበር ሳቡ።

«ስንት ፕሮሰሰር አለው?» አሉኝ።

«16።»

«በአካል ያሉት ኮሮች፣ ሥራውን የሚሠሩት ክፍሎች፣ 8 ናቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሆኖ ስለሚቆጠር ነው 16 የሚልሽ። ለጊዜው ግን 16 እንበል። ከ16ቱ አንዱ ብቻ ትንፋሽ አጥቶ ቢሠራ፣ ሌሎቹ ቢተኙ፣ በመቶ ሲሰላ ስንት ይመጣል?»

በቃሌ ላሰላው ሞከርሁ። 6 ነጥብ 25። ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ሲጨምሩበት 9 ይሞላል። 9 ደግሞ ከ100 ሲነሣ ስንት እንደሚቀር ለመናገር አፌን ስከፍት ፊቴ ጋለ።

«ስለ ሁሉም በአንድነት ጠየቅሽው፤ በአንድነት መለሰልሽ» አሉ። «ደግሞ የስንት ጊዜ እንዲነግርሽ አላልሽውምና ማሽኑ ከበራ ጀምሮ ያለውን፣ ሌሊቱንም እሑዱንም አብሮ አማካይ አውጥቶ ሰጠሽ። እስቲ አሁን አንድ በአንድ ጠይቂው፤ በየሰከንዱም ይንገርሽ።»

ከትዕዛዙ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን ፒ፣ ከዚያ «ኦል»፣ ከዚያ 1 ቁጥርን አስጻፉኝ። ስክሪኑ በየሰከንዱ 17 መስመር ያወርድ ጀመር፤ አንዱ የድምሩ፣ 16ቱ የየፕሮሰሰሩ። ድምሩ ያው የማውቀው ነው። ከሥሩ ያለው የቁጥር 0 መስመር ግን ሥራ ፈትነቱ 0 ነጥብ 00 ይላል። በሚቀጥለው ሰከንድም 0 ነጥብ 00። ከ1 እስከ 15 ያሉት ወደ 97 እና 98 በመቶ ሥራ ፈት ሆነው ተቀምጠዋል። ከዚያ በፊት ያንን ማሽን እንደ አንድ ነገር እንጂ እንደ 16 ሠራተኛ አስቤው አላውቅም ነበር።

የቁጥር 0 ጊዜ በሙሉ ማለት ይቻላል የተከማቸው «ሶፍት» በሚለው ዓምድ ሥር ነው። የኔትወርክ ካርዱ ፓኬት፣ ማለትም በመስመሩ የሚመጣ የመረጃ ጥቅል፣ ሲደርሰው ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ አቋርጦ ይጠራዋል። ከርነሉ አስቸኳዩን ጥቂት ሥራ ወዲያው ይፈጽምና ከባዱን፣ ማለትም ፓኬቱን ፈትቶ ለሚመለከተው ፕሮግራም የማድረሱን ሥራ፣ ለጥቂት ያቆየዋል። ያ የቆየው ሥራ የሚወስደው ጊዜ ነው በዚህ ዓምድ የሚቆጠረው። የማንም ፕሮግራም ስላልሆነ ከሂደቶቹ መካከል ጥፋተኛ ፈልጌ ባገኝ ኖሮ ነው የሚገርመው። ያለፍሁት ያ የከርነሉ ረዳት ሂደት ግን ይህ ሥራ ሲበዛ የሚነሣው ነው፤ እያየሁት ነገሩን ይነግረኝ ነበር። ፕሮሰሰሩ ሊደርስባቸው ያልቻለው ፓኬቶች ይጣላሉ፤ የተጣለው እንደገና ይላካል፤ በቅርንጫፉ መስኮት ፊት የቆመው ሰው ደግሞ ይጠብቃል።

«ፕሮክ» በሚባለው ማውጫ ውስጥ እነዚህ ጥሪዎች፣ ማለትም ማቋረጦቹ፣ የሚመዘገቡበትን ፋይል ከፈትን። ካርዱ 8 የመቀበያ ወረፋ አለው። የስምንቱም ቆጠራ በመጀመሪያው ዓምድ፣ በቁጥር 0 ሥር ይጨምራል፤ በሌሎቹ ዓምዶች አንድም አልጨመረም። እነዚህን ማቋረጦች ለየፕሮሰሰሩ የሚያከፋፍለው «አይአርኪው ባላንስ» የተባለው አገልግሎት ቆሟል። በግንቦት፣ ለአንድ ሙከራ ሲባል በእኛው ክፍል እንዳይነሣ ተደርጎ፣ በዚያው ተረስቶ ነበር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉም ማቋረጥ በቁጥር 0 ላይ ወደቀ፤ በዓሉ ሲደርስም ሸክሙ ከአቅሙ በላይ ሆነ።

አገልግሎቱን አስነሣሁት፤ ማሽኑ ሲበራም አብሮ እንዲነሣ አደረግሁ። ክፍፍሉን በየ10 ሰከንዱ ይከልሳል። ዓይናችንን ከስክሪኑ ሳንነቅል የቁጥር 0 ሥራ ፈትነት ከዜሮ ተነሥቶ 40፣ ከዚያ 70 አለፈ። ጋሼ ያን ጊዜ ካፖርታቸውን አወለቁ።

እኔ ግን ልቤ ከደብዳቤው አልተነሣም። ማሽኑ በየ10 ደቂቃው የፕሮሰሰሮቹን እንቅስቃሴ በፋይል እንደሚያስቀምጥ አውቅ ነበር፤ «ሳር» በሚባለው ትዕዛዝ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። አማካዩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ፕሮሰሰር ለየብቻ መዝግቦታል። ጳጉሜ 2ን አወጣሁ። በማሽኑ ሰዓት 10፣ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ልክ ደብዳቤዬን በምጽፍበት ጊዜ፣ ቁጥር 0 ሥራ ፈትነቱ 0 ነጥብ 00 ነበር። ማስረጃው በገዛ ማሽኔ ውስጥ፣ ሊከፈት የሚችል ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ስላልጠየቅሁት ሰዎች በዝናብ ዞሩ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የሦስቱን ቀናት የቁጥር 0 መስመሮች አያይዤ ለደረሳቸው ሁሉ ላክሁ። ለኔትወርክ ክፍሉ ባልደረባዬ ግን በእጄ ወስጄ ሰጠሁት። ይቅርታ ልጠይቀው ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ «አንተን ሳይሆን ራሴን መመርመር ነበረብኝ» ከማለት በቀር የቀረው ጠፋብኝ።

ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበው። ጣቱ በጳጉሜ 3 መስመሮች ላይ ወረደና ከማታው 2 ሰዓት ላይ ቆመ።

«በዚህ ሰዓት» አለ፣ «ጣሪያ ላይ ነበርሁ።»