ከርዕደ መሬት በኋላ ወንዞች የሚሸከሙት ደለል

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ እኛም አዳማ ላይ ሆነን ንዝረቱ በተደጋጋሚ ይሰማን ነበር። በዚያ ሰሞን በየቤቱ ጎልቶ ይነሣ የነበረው ጥያቄ የከሰም ግድብ ይሰነጠቅ ይሆን ወይ የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከግድቡ በታች የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነውና። እኔን ከዚያ ወዲህ ሲያሳስበኝ የቆየው ግን ከግድቡ በላይ ያለው አገር ነው። ኃይለኛ ርዕደ መሬት ከሰም የሚነሣባቸውን ገደላማ ተራሮች ቢመታ፣ በተከታዮቹ ክረምቶች ወንዙ ምን ይዞ ይወርዳል?

እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ሲቹዋን ክፍለ ሀገር የደረሰው፣ በመጠን 7.9 የተመዘገበው የዌንቹዋን ርዕደ መሬት፣ በሎንግመን ተራሮች ላይ ከ50,000 በላይ ናዳዎችን አስነሥቷል። ንዝረት በተራራ ጫፍና በሸንተረር ላይ ስለሚበረታ፣ ለዘመናት ጸንቶ የቆየ ተዳፋት በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፤ ያልፈረሰውም ዐለት ውስጥ ውስጡን ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል። ተራራውን ወደ ላይ የሚገፋው ያው የመሬት ቅርፊት እንቅስቃሴ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች የወረደውን ናዳ ከፍ ካለው መሬት ጋር አነጻጽረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ግምቶች የፈረሰው ከፍ ካለው እንደሚበልጥ አመለከቱ፤ ኋላ የተሠሩት ግን መጠኑን ዝቅ አድርገው ሁለቱን አቀራርበዋቸዋል። ክርክሩ የሚደነቅ ቢሆንም፣ በወንዙ ዳር ለሚኖር ሰው የሚበልጠው ጉዳይ የፈረሰው ድንጋይና አፈር መቼና እንዴት ከሸለቆው እንደሚወጣ ነው።

በአንድ ጊዜ አይወጣም። ከናዳው ብዙው ወንዝ ሳይደርስ እዚያው ተዳፋቱ ላይ ይቀራል። ወንዝ የገባውም ቢሆን እኩል አይጓዝም፤ ደቃቁ ጭቃና አሸዋ ከውኃው ጋር ተንሳፎ ቶሎ ሲወርድ፣ ጠጠሩና ቋጥኙ ግን ታላላቅ ጎርፎችን እየጠበቀ፣ በወንዙ ወለል ላይ እየተንከባለለ፣ ለአሥርተ ዓመታትና ከዚያም በላይ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ታይዋንን ከመታው የቺቺ ርዕደ መሬት በኋላ የወንዞቹ ተንሳፋፊ ደለል በእጅጉ አሻቅቦ፣ ወደ ቀድሞው መጠን የተመለሰው ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት የጣለው አውሎ ነፋስ አዘል ዝናብ፣ ቀድሞ ያን ያህል ናዳ ሊያስነሣ በማይችልበት መጠን እንኳ አዳዲስ ናዳዎችን አወረደ። በሲቹዋንም ከርዕደ መሬቱ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010፣ ከባድ ዝናብ ከሸለቆዎቹ ያወረደው የድንጋይና የጭቃ ጎርፍ የሚን ወንዝን ዘግቶ፣ እንደገና በመገንባት ላይ የነበረችውን የይንግሽዩን ከተማ በውኃ አጥለቀለቃት። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ከፍርስራሽ ወጥተው ቤታቸውን ዳግም ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በዚያው ርዕደ መሬት ሁለተኛ ጊዜ ተመቱ ማለት ነውና።

ከዚህም የባሰ ትልቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሳምና በቲቤት ድንበር የደረሰው፣ መጠኑ 8.6 የነበረው ርዕደ መሬት ባወረደው ደለል ምክንያት፣ የብራህማፑትራ ወንዝ ወለል በዲብሩጋር ከተማ አጠገብ 3 ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ተመዝግቧል። ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ ውኃው ሳይጨምር እንኳ ከዳርቻው ይወጣል፤ ዳርቻውንም እየበላ ይሰፋል።

ይህን ሁሉ እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት ግን ስሕተት ይሆናል። በርካታ ናዳ ለማስነሣት በአብዛኛው መጠኑ 6 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ያስፈልጋል፤ የስምጥ ሸለቆው ወለል ደግሞ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው። የቆቃን ሐይቅ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሞላው የኖረው ደለልም በዋነኝነት ከታረሰና ከተራቆተ መሬት በዝናብ ታጥቦ የመጣ ነው። ተዳፋት እንዲናድ ርዕደ መሬት የግድ እንደማያስፈልግም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ በዝናብ በተነሣው፣ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በቀጠፈው ናዳ በመሪር ሐዘን አይተናል። የሸዋና የወሎ ምሥራቃዊ ገደል ጉዳይ ግን ይለያል። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን የመታውና የማጀቴን ከተማ ያወደመው ርዕደ መሬት ከ6 በላይ ነበር፤ በገደሉም ላይ ናዳ አስነሥቷል። ከሰም፣ ከበናና ቦርከና ወደ አዋሽ የሚወርዱት ከዚያው ከገደሉ በላይ ካለው ደጋ ተነሥተው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ባሉ ወንዞች ላይ የተሠራ ግድብ ዕድሜ ሲሰላ፣ የዘወትሩ የደለል መጠን ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም። የታይዋን ተመራማሪዎች ጭማሪውንም ወደ ቀድሞው መመለሱንም ሊያውቁ የቻሉት፣ ወንዞቻቸው ከርዕደ መሬቱ በፊት ለአሥርተ ዓመታት ሲለኩ ስለቆዩ ነው። በከሰምም ላይ የውኃው ፍሰትና የሚሸከመው ደለል በየክረምቱ ሳይቋረጥ መለካት፣ ገደላማ ተዳፋቶቹም ከሳተላይት በሚነሡ ምስሎች በየዓመቱ መነጻጸር አለባቸው፤ ከንዝረቱ በኋላ የሚጀመር ልኬት የሚነጻጸርበት መነሻ አይኖረውምና።