ፓውዛው እና ክሪሳንቲመሙ

ሥራዬ ደብረ ብርሃን ላይ የሰው ግቢ ማስዋብ ነው። ሣር እተክላለሁ፣ አጥር እከረክማለሁ፣ አበባ እንከባከባለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን ዘግይተው የሚያብቡትን ነው። መስከረም ላይ ሜዳው ሁሉ አደይ ስለሆነ ማንም አበባ አይቸግረውም። ጥቅምት አልፎ ሣሩ ሲደርቅ ግን በግቢው ቀለም የሚያገኘው ቀድሞ ያሰበበት ሰው ነው።

ለዚህ ክሪሳንቲመምን የሚያህል የለም። አንዴ ከተተከለ በየዓመቱ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ይመጣል። በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ ሥሩን ከፋፍሎ መትከል ነው እንጂ ብዙ ጣጣ የለውም። ሰኔ ላይ ጫፍ ጫፉን በጥፍር ቀንጠብ ካደረጉት ቅርንጫፍ ያበዛል። ሲያብብ ቅጠሉ ራሱ አይታይም።

አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ግቢ ውስጥ ከበሩ አንስቶ እስከ ሮቶው ድረስ በግንቡ ሥር ይህንኑ ተክዬላቸው ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ግቢው አበባ በአበባ ሆነ። እትዬ ኅዳር 21 ለጽዮን ማኅበር ስለሚያወጡ ሰው እያየ ሲያደንቅላቸው ደስታቸው ለብቻው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ገባ፣ አበባ የለም። ተክሉ አልታመመም። እንዲያውም ቁመቱ ጨምሯል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው። እምቡጥ ግን የለውም። አንድ ዘመዳቸው መጥቶ አየና «ዘሩ አርጅቷል፣ ተነቅሎ ይጣል» አላቸው። ሌላው ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ዩሪያ በተነበት። ዩሪያ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም፤ ይባስ ብሎ ለመለመ። እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ማኅበሩ ደርሶባቸው ጨንቋቸዋል። «ልጄ፣ ካልሆነ ይነቀል እንጂ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጤነኛ ተክል ልነቅል እጄ እምቢ አለኝ። ጥቂት ቀን ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ነገሩን የፈታው ዘበኛው ነው። የመንዝ ልጅ ነው፤ ባናውን ተከናንቦ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ያድራል። «ጋሼ፣ በሮቶው በኩል ያለው እኮ አብቧል» አለኝ። ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው፣ ከሮቶው ጀርባ ያሉት ፈክተዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቁጥቋጦ ግን ዓይኔን ያዘው። ግማሽ ጎኑ ሽምብራ የሚያህል እምቡጥ ተሸክሟል፣ ግማሹ ደግሞ ቅጠል ብቻ ነው። በአንድ ሥር፣ በአንድ አፈር ላይ! ልጁ ዱላውን መሬት ላይ ጎተተና መስመር አሰመረልኝ። «ማታ የሮቶው ጥላ የሚያርፈው እዚህ ድረስ ነው» አለ።

ለካ ክረምቱ ላይ ሌባ ስለተሰማ በሩ ላይ ትልቅ ፓውዛ ተሰቅሏል። እኔ የምመጣው ቀን ቀን ነው። ማታ ተመልሼ ሳየው ግንቡ ሥር ጋዜጣ ያስነብባል።

ብዙ ሰው አበባ ብርሃን በበዛለት ቁጥር ያብባል ይላል። ክሪሳንቲመም እንደዚያ አይደለም፤ እምቡጥ የሚቋጥረው ረጅምና ያልተቋረጠ ጨለማ ሲያገኝ ነው። የቀን ርዝመት ተክልን እንደሚያዝዝ ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1920 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ወሳኙ ሌሊቱ መሆኑ ደግሞ በኋላ ተረጋገጠ። እኛ አገር የሰኔው ቀን ከታኅሣሡ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ሌሊቱ ብዙም አያጥረውም፤ መብራት ካልገባበት በቀር። የአበባ እርሻዎች ክሪሳንቲመም ሳያብብ እንዲያድግ ሲፈልጉ ሆን ብለው ሌሊት መብራት ያበሩበታል። የእትዬ ፓውዛ ያንኑ ሥራ በነፃ ሲሠራ ከርሟል። በገና ሰሞን የሚቀላው ፖይንሴቲያም ጠባዩ ይኸው ነው።

መብራቱ ይጥፋ አላልኩም። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፣ ከአበባ ደኅንነታቸው ይቀድማል። ፓውዛውን ወደ በሩ አዞርነው፣ በግንቡ በኩል ደግሞ ቆርቆሮ ቆርጠን ከለልነው። እትዬ ራሳቸው ማታ ወጥተው ግንቡ ሥር መጨለሙን አዩና «ይኼ ነው በቃ?» አሉኝ።

አዎ፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጨለማ ካገኘ በኋላ እስኪፈካ እንደ ዝርያው ከ7 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ለማኅበሩ እንደማይደርስ ቁርጡን ነገርኳቸው። ደግሞ የእኛ ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ታኅሣሥና ጥር የውርጭ ወራት ናቸው። እምቡጡ ሲፈነዳ ውርጭ ከመታው ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አፈሩን እናጠጣለን፣ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛልና። ጀምበር ስትጠልቅ በእንጨት ላይ አሮጌ አንሶላ እንወጥርበታለን። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው የሚያነሳው ዘበኛው ነው፤ አንድም ቀን አልረሳም። ዳር ላይ ያሉት ጥቂቶቹ ተቃጠሉ። የቀሩት ጥር ላይ አበቡ፣ እትዬም ለጥምቀት እንግዶቻቸው ቆርጠው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

በበልጉ ሥሩን ከፋፍለን ሁሉንም ወደ ሮቶው ጀርባ ወሰድነው። ፓውዛው አጠገብ ጽጌረዳ ተከልን፤ ጽጌረዳ ሌሊቱ ረዘመ አጠረ ብሎ አይጨነቅም። ቦታ ስንመርጥ ዘበኛውም አብሮን ነበር፤ ጥላው የት የት እንደሚያርፍ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።