መልሕቅ መጣያው ቅጽበት

ኒውሮ ሊንጉስቲክ ፕሮግራሚንግ፣ በአጭሩ ኤንኤልፒ፣ ሐሳብንና ስሜትን በቋንቋና በልምምድ ለመለወጥ የሚሞክር የምክር ዘዴ ነው፤ በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ላይ በሪቻርድ ባንድለርና በጆን ግሪንደር ተጀመረ። ከዘዴዎቹ ሁሉ ጎንደር ላይ ለሚያማክር ሰው ቶሎ የሚለመደው «መልሕቅ» ይመስለኛል፤ ጥሩ ስሜትን ከአንድ ንክኪ ጋር አስሮ፣ በኋላ በንክኪው ብቻ መልሶ መጥራት ማለት ነው።

ደንበኛው ልቡ ሙሉ የነበረበትን አንድ ቅጽበት ይምረጥ፤ ለምሳሌ በጥምቀት ማለዳ ፋሲል መዋኛ ጸበሉ ሲረጭ። ዓይኑን ጨፍኖ እዚያው ውስጥ ይግባ፤ ራሱን ከሩቅ ካየ ስሜቱ ይቀዘቅዛል። ምን ይሰማል? ውኃው የቱ ጋ ነካው? ትንፋሹ ሲለወጥና ፊቱ ሲፈካ፣ ስሜቱ ጫፍ ሊደርስ ሲል፣ አውራ ጣቱንና የቀለበት ጣቱን ያጣብቅ። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል፤ መብረድ ሲጀምር ይልቀቅ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ዘግይቶ የያዘ ሰው የሚያስረው መብረዱን ነው።

ከዚያ ቁርስ ምን እንደበላ ጠይቁት፣ ሐሳቡ ይበተን። 3 ወይም 4 ጊዜ ደግማችሁ፣ ጣቱን ብቻ አጣብቆ ይሞክረው። መልሕቁን ትከሻ ላይ ግን አትጣሉት፤ እኛ በትከሻ ሰላም ስለምንባባል ቀኑን ሙሉ እየተነካ ይደበዝዛል።

የኤንኤልፒ የምርምር ማስረጃ ደካማ ነው። ከፈተና ወይም ከንግግር በፊት ለሚመጣ ፍርሃት ሞክሩት፤ ጦርነት ጥሎት የሄደውን ሰቀቀን ግን ለአእምሮ ሐኪም ተዉ።