ፈዛዛ የተባለችው ድመት

ጎብኚዎች ወደ ድመቶች መጠለያችን ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀር ኃላፊያችን የደረቀ ካትኒፕ በየጎጆው ምንጣፍ ላይ እንድበትን አዘዙኝ። ድመት ሲጫወት ያየ ቤተሰብ ይዞት ይሄዳል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ካትኒፕ ብዙ ድመቶች ሲያሸቱት የሚፈነድቁበት የናና ዘመድ ተክል ነው፤ ኔፔታላክቶን የተባለው ሽታው ቅጠሉ ሲደቅ ስለሚበረታ በጣቶቼ እያሸሁ በተንኩት።

ቀዩ ወንድ ድመት ወዲያው አገጩን፣ ቀጥሎም ጉንጩን ምንጣፉ ላይ ያሻሽ ጀመር። ለሃጩ ተዝረከረከ፣ በጀርባው ተንከባለለ፣ በኋላ እግሮቹ አየሩን ረገጠ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተነሣና መዳፉን እየላሰ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ምንጣፍ ቢያሸትም ምንም አልመሰለው፤ ስሜቱ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ግራጫዋ ግን አንድ ጊዜ አሸተተች፣ ምንጣፉን ተሻግራ በሩ ሥር ተቀመጠችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ኃላፊያችን ካርዷን አንሥተው «ፈዛዛ፤ ሳትታመም አትቀርም» ብለው ጻፉ።

«ጋሼ፣ ጤነኛ ናት» አልኳቸው። «ከሦስት ድመቶች አንዱ ያህል ካትኒፕ አይነካውም። ከወላጅ የሚወረስ ነገር ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲንከባለሉ እሷ ብቻ ለምን ቀረች?»

«እንዲህ ሆና ተወልዳ ነዋ! ግልገሎቹስ ምን አደረጉ? ጥቂት ወራት እስኪሞላቸው አብዛኞቹ አይሰማቸውም። እነሱንም ታመዋል እንበል?»

መልስ አልሰጡኝም፤ ካርዱን ሰቅለውት ሄዱ። በዚያ ቀን አራት ቤተሰቦች ጎጆዋ ፊት ቆሙ፣ ካርዱን አነበቡ፣ አለፉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ጣቷን በሽቦው አስገብታ ግራጫዋ ስትልስላት እናትየዋ «ነይ፣ ይህቺ በሽተኛ ናት» ብላ ጎተተቻት። ያን ጊዜ ያንገበገበኝ ቁጭት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ማታ ከማዶ ክፍል የዓሣ ጣሳ ስከፍት ቀድማ ጆሮዋን ያቆመችው እሷ ነበረች። አፍንጫዋ ደኅና ነው፤ አካሏም ደኅና ነው።

በሳምንቱ ከቤቴ የማታታቢ እንጨት ይዤ መጣሁ። ከምሥራቅ እስያ የሚመጣ የኪዊ ዘመድ ሐረግ ነው፤ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ከካትኒፕ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ፣ 100 ድመቶችን ባየ ጥናት ካትኒፕ ካልነካቸው ሦስት አራተኛ ያህሉ ለዚህኛው ምላሽ ሰጥተዋል። እንጨቱን በሽቦው መካከል አሾለክሁት። ግራጫዋ ጠጋ አለች፣ ጫፉን ነከሰች፣ በሁለት መዳፎቿ እቅፍ አድርጋ ጉንጯን እያሻሸች ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ሮጬ ኃላፊያችንን ጠራኋቸው።

ዝም ብለው አዩ። ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ይናገር ነበር። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡና ካርዱ ላይ የነበረውን ሰርዘው ከሥሩ «ተሽሏታል» ብለው ጻፉ።

«ጋሼ፣ እኮ መቼ ታመመች?» አልኳቸው።

«ዋናው መዳኗ ነው» ብለውኝ ወደ ቢሯቸው ገቡ።